1 ቁጥርን አውልቆ 6 ቁጥርን የለበሰው ሰው

እኛ ሰፈር ያለው ቡና ቤት ቴሌቪዥኑ ዲኤስቲቪ ላይ ተተክሎ ነው የሚውለው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ እስኪጀምር ድረስ አስተናጋጁ ስለ ቻናሉ ግድ የለውም። ስለዚህ አንዳንዴ ራግቢ ይገጥመናል። ግዙፍ ሰዎች እንቁላል የመሰለች ኳስ ይዘው ይላተማሉ፣ ይከመራሉ፣ ዳኛው ያፏጫል፣ ደግመው ይከመራሉ። ከጎኔ የሚቀመጠው ሰው ሁሌም አንድ ጥያቄ ነው ያለው፦ "ይሄ ነገር ግን ሕግ አለው?"

አለው። እንዲያውም ሁለት ዓይነት ሕግ ነው ያለው።

እኛ በቴሌቪዥን የምናየው አብዛኛውን ጊዜ ራግቢ ዩኒየን ነው፤ በአንድ ወገን 15 ሰው የሚሰለፍበት፣ ደቡብ አፍሪካና ኒውዚላንድ የሚተናነቁበት። ዛሬ የማወራው ግን ስለ ታናሽ ወንድሙ ስለ ራግቢ ሊግና እዚያ 1 ቁጥርን አውልቆ 6 ቁጥርን ስለለበሰው አውስትራሊያዊ ስለ ዳረን ሎክየር ነው። ወንድማማቾቹ የተጣሉት በገንዘብ ነው። በሰሜን እንግሊዝ ራግቢ ከሚጫወቱት ብዙዎቹ የከሰል ማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቅዳሜ ለመጫወት ከሥራ ሲቀሩ የቀን ደሞዛቸው ይቀርባቸዋል። ክለቦቻቸው "የቀረባቸውን እንተካላቸው" አሉ። የማኅበሩ አለቆች ደግሞ "ለጨዋታ ገንዘብ አይከፈልም" ብለው ድርቅ አሉ። ኦገስት 29 ቀን 1895 የሰሜን ክለቦች ሀደርስፊልድ ከተማ ውስጥ አንድ ሆቴል ተሰብስበው ተገነጠሉ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1906 ከየቡድኑ 2 ሰው ቀነሱ፤ 13 ለ13 ሆነ። ሜዳው ሰፋ፣ ሩጫው በዛ። ጨዋታው ብዙም ሳይቆይ አውስትራሊያ ገባና እዚያ ሥር ሰደደ። ሲድኒና ብሪስቤን ውስጥ ዛሬ "ፉቲ" ሲባል ማንም እግር ኳስ ትዝ አይለውም።

ሕጉ ሲያዩት እንደሚያስፈራው አይደለም። ኳሷ በእጅ የምትቀባበለው ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ነው። ወደ ፊት የምትሄደው ወይ ይዘሃት ስትሮጥ ወይ በእግር ስትመታት ነው። ኳስ የያዘው ሰው ተይዞ ሲወድቅ ጨዋታው አይቆምም። ይነሳል፣ ኳሷን በእግሩ ወደ ኋላ ያንከባልላታል፣ ሌላው ተቀብሎ ይቀጥላል። 6ኛው ላይ ግን ከተያዝክ ኳሷ የባላጋራ ናት። ስለዚህ ቡድኖች 5 ጊዜ ከተያዙ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ኳሷን በእግር ወደ ሩቅ ይሰዷታል። እንደ ብልህ እንግዳ ነው፤ ሳይባረር ራሱ ይወጣል።

ነጥቡስ? ከባላጋራ መስመር ጀርባ ኳሷን መሬት ማስነካት ትራይ ይባላል፤ 4 ነጥብ ነው። ከትራይ በኋላ የምትመታው ምት ከገባች 2 ትጨመራለች። በጨዋታ መሐል ኳሷን መሬት አንጥረህ መትተህ በቋሚዎቹ መሐል ካሳለፍካት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 1 ነጥብ ታገኛለህ፤ ፊልድ ጎል ይሏታል። ይቺን 1 ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

አሁን ወደ ማሊያው እንምጣ። በእኛ እግር ኳስ ቁጥር የሰው ነው። 10 ቁጥር ሲባል ፊት ይመጣብናል። በራግቢ ሊግ፣ በተለይ በአውስትራሊያ፣ ቁጥር የሥራ መደብ ነው። 1 ቁጥር ከሁሉም ኋላ የሚቆመው ነው። 2 እና 5 ክንፎቹ ናቸው። 6 እና 7 ጨዋታውን የሚያደራጁ ጥንዶች ናቸው። ከ8 እስከ 13 ከባዶቹ፣ ግጭቱን የሚሸከሙት ናቸው። ቦታ ከቀየርክ ማሊያህም ይቀየራል። ሰው ከሒሳብ ክፍል ወደ ሽያጭ ሲዛወር መታወቂያው እንደሚቀየረው ማለት ነው።

ሁለገብ ተጫዋች የሚባለው እንግዲህ ከአንድ በላይ መደብ ላይ ሊሠራ የሚችል ነው። ችግሩ ሁለገብነት በዚህ ጨዋታ በረከትም ወጥመድም መሆኑ ነው። በየቡድኑ ወንበር ላይ ከሚቀመጡት ተቀያሪዎች አንዱ፣ ብዙ ጊዜ 14 ቁጥር፣ "የሁሉም ቦታ ሰው" ነው። ክንፉ ቢጎዳ ክንፍ ይሆናል፣ አደራጁ ቢጎዳ ያደራጃል። አሰልጣኞች እንዲህ ያለውን ሰው ይወዱታል። ስለሚወዱትም ወንበሩ ላይ ያቆዩታል! ሁሉንም ስለሚችል የራሱ የሚለው ቦታ የለውም። "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" የሚለው ተረታችን ለ14 ቁጥር የተባለ ይመስለኛል።

ዳረን ሎክየር ግን ሁለቱም ዛፍ ላይ ወጣ። በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ አንደኛው ጫፍ ላይ ደረሰ፣ ከዚያ ወርዶ ሁለተኛውን ከሥሩ ጀመረ።

ሎክየር በ1977 ብሪስቤን ተወልዶ ያደገው ኩዊንስላንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ከብሪስቤን ወደ ምዕራብ ወደ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቅ ሮማ በምትባል ከተማ ነው። የጣሊያኗ አይደለችም። ይቺኛዋ በከብት ገበያዋ የምትታወቅ የገጠር ከተማ ናት። በ18 ዓመቱ፣ በ1995፣ ለብሪስቤን ብሮንኮስ ክለብ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። ልጁ በተፈጥሮው አደራጅ ነበር፤ 6 ቁጥር። ግን ብሮንኮስ ቤት 6 ቁጥርን ኬቨን ዋልተርስ፣ 7 ቁጥርን አለን ላንገር ይዘውታል። ሁለቱን አስነስቶ መቀመጥ የማይታሰብ ነው። አሰልጣኙ ዌይን ቤኔት ልጁን ኋላ ወሰዱትና ፉልባክ አደረጉት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የእኛ ሰው "ፉልባክ" ሲሰማ በመስመር የሚመላለስ ተከላካይ ነው ትዝ የሚለው። የራግቢ ሊግ ፉልባክ ሌላ ፍጥረት ነው። ቡድኑ በመስመር ተሰልፎ ሲከላከል እሱ ብቻውን ከኋላ ይቀራል። ባላጋራ የሚመታውን ኳስ ከሰማይ የሚለቅመው እሱ ነው። መስመሩ ከተሰበረም የመጨረሻው በር እሱ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የሚያይ ሰው ነው። የራሱን ቡድን ጀርባ፣ የባላጋራን ፊት፣ ክፍተቱ የት እንዳለ ሁሉ ከኋላ ሆኖ ያያል። ያየውን ይጮኻል፦ "ወደ ግራ! አንድ ሰው ጎድሏል!" ቡድኑ ሲያጠቃ ደግሞ ክፍተት ያየበት ቦታ ላይ ሳይጠበቅ ከኋላ እየበረረ ይደርሳል። (ሎክየር ሲናገር ድምፁ ሻካራ፣ የተቃጠለ ዓይነት ነው። ጉሮሮው ላይ ሜዳ ውስጥ በደረሰበት ምት ነው ይባላል። እንደዚያ ባለ ድምፅ ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ትእዛዝ ሲጮኽ የኖረው።)

ልጁ በዚህ ቦታ ተሳካለት ማለት አይገልጸውም። በ1997፣ በ1998 እና በ2000 ከብሮንኮስ ጋር ዋንጫ አነሳ። በ2000 የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የክላይቭ ቸርችል ሜዳሊያ ወሰደ። በዚያው ዓመት ከአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን ጋር የዓለም ዋንጫ አሸነፈ። በ2003 የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሆኖ እንግሊዝ ሄደና ታላቋ ብሪታኒያን በ3 ጨዋታ 3ቱንም አሸንፎ ተመለሰ። የዓለም ኮከብ ተጫዋች የሚያገኘውን ወርቃማ ጫማም ወሰደ። 26 ዓመቱ ነው። በዓለም ላይ ከእሱ የተሻለ 1 ቁጥር የለም።

በቀጣዩ ዓመት 1 ቁጥርን አወለቀ።

ለምን? አንደኛው ምክንያት ካርማይክል ሀንት የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በቀጥታ የብሮንኮስ ፉልባክ የሆነ። ለእኔ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ፉልባክ ኳስ የሚነካው ጨዋታው እሱ ጋ ሲደርስ ወይ እሱ ጨዋታው ጋ ሲደርስ ነው። 6 ቁጥር ግን ኳሷን በያንዳንዱ ዙር ማለት ይቻላል ያገኛታል። ቡድንህ ውስጥ በጣም አስተዋዩ ሰው ማን እንደሆነ ካወቅክ፣ ኳሷ ቶሎ ቶሎ እንድትደርሰው ታደርጋለህ። ሒሳቡ ይህን ያህል ቀላል ነው። ከባዱ፣ ሰውየው እሺ ማለቱ ነው።

የ6 ቁጥር ስም ራሱ ሒሳብ ነው። አውስትራሊያውያን "ፋይቭ ኤይትዝ" ይሉታል፤ አምስት ስምንተኛ ማለት ነው። ከፊቱ ያለው 7 ቁጥር "ሃፍባክ" ይባላል፤ ግማሽ፣ ማለትም አራት ስምንተኛ። ከኋላ ያሉት "ስሪ ኳርተር" ናቸው፤ ሦስት አራተኛ፣ ማለትም ስድስት ስምንተኛ። በአራት ስምንተኛና በስድስት ስምንተኛ መሐል የሚቆመው ማን ነው? አምስት ስምንተኛ። የአራተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪዬ ይህን ቢሰሙ ምን ያህል ደስ ይላቸው ነበር!

ታዲያ ከ1 ወደ 6 መሄድ ጥቂት ሜትሮች ወደ ፊት መጠጋት ይመስላል። አይደለም። ኋላ ቆመህ ጊዜ አለህ፤ ኳሷ አየር ላይ እያለች ታስባለህ። ፊት ለፊት ግን የባላጋራ መስመር 10 ሜትር ላይ ነው ያለው፣ ኳሷ ስትነካ ደግሞ እየሮጠ ይመጣብሃል። ኳሷን ተቀብለህ ልስጥ፣ ልሩጥ ወይስ ልምታ ብለህ እስክትወስን ያለህ ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው። መከላከሉም አለ። ፉልባክ ሳለህ ወደ አንተ የሚመጣው መስመሩን የሰበረ አንድ ሰው ነው። 6 ቁጥር ስትሆን ግን መስመሩ ውስጥ ነህ፤ ባላጋራም ሆን ብሎ ከባዶቹን አንተ ላይ ይነዳቸዋል። አደራጁ ከደከመ ማደራጀት አይችልማ። በዚያ ላይ እስከ ትናንት የሌሎችን ምት ሲለቅም የኖረ ሰው፣ ከዛሬ ጀምሮ መቺው እሱ ነው። ተቀባይ የነበረው ላኪ ሆነ።

ይቺ የመጨረሻዋ ነጥብ ነች የምትገርመኝ። ለዓመታት ኳስ ሲቀበል የኖረ ሰው የትኛው ምት ፉልባክን እንደሚያስጨንቀው ያውቃል። የት ብትወድቅ እንደምትከብድ፣ ምን ያህል ብትዘገይ ሩጫ እንደምታበላሽ በራሱ ላይ ደርሶ አይቶታል። ሌባ የነበረ ሰው ዘበኛ ሲሆን እንደሚባለው፣ በግልባጩ።

በ2004 መጨረሻ፣ ሊድስ ከተማ ኤላንድ ሮድ ስታዲየም፣ የሦስቱ አገሮች (የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድና የታላቋ ብሪታኒያ) ውድድር ፍጻሜ ላይ አውስትራሊያ ታላቋ ብሪታኒያን 44 ለ4 ቀጣች። ጨዋታውን ያደራጀው አዲሱ 6 ቁጥር ነበር። በእረፍት ሰዓት ውጤቱ 38 ለ0 ነው። "ለምን ቦታ ቀየረ?" የሚለው ወሬ ከዚያ በኋላ ብዙም አልተሰማም።

2006ን ግን ቀስ ብለን እንየው።

በአውስትራሊያ ትልቁ ጨዋታ የክለብ ፍጻሜ ነው ቢባልም፣ ሕዝቡን ከሁለት የሚከፍለው "ስቴት ኦፍ ኦሪጅን" ነው። ኩዊንስላንድ ከሌላዋ ክፍለ ሀገር ከኒው ሳውዝ ዌልስ ጋር፣ በዓመት 3 ጨዋታ። የምትሰለፈው አሁን ለምትጫወትበት ክለብ ክፍለ ሀገር አይደለም፤ ለተነሳህበት ነው። ወቅቱን ሙሉ አብረው የሚጫወቱ የአንድ ክለብ ልጆች ለ3 ምሽት ባላጋራ ይሆናሉ። ኒው ሳውዝ ዌልስ ከ2003 እስከ 2005 በተከታታይ አሸንፋለች። በ2006 አንድ ለአንድ ሆነው ሦስተኛው ጨዋታ ሜልበርን ላይ ሆነ። ወደ ማብቂያው ኒው ሳውዝ ዌልስ 14 ለ4 ትመራለች። የኩዊንስላንዱ ብሬንት ቴት አስቆጠረ፤ 14 ለ10። ከዚያ የኒው ሳውዝ ዌልሱ ፉልባክ ብሬት ሆጅሰን ከመሬት አንስቶ የሰጣት ኳስ ተቀባይ አጣች። ኳሷ መሬት ላይ ነጠረች። ሎክየር መጣ፣ አፈፍ አደረጋት፣ ሮጦ መስመሩ ጀርባ አስቀመጣት። 16 ለ14። ኩዊንስላንድ ከዚያ ምሽት ጀምሮ 8 ዓመት በተከታታይ አሸነፈች።

ሰው ዕድል ነው ይላል። እኔ ዕድል ነው ብዬ አላምንም። ባለቤት የሌላትን ኳስ ከሌላው ቀድሞ ማየት የፉልባክ ሥራ ነው። ማሊያው 6 ይላል፤ ዓይኑ ግን ገና 1 ቁጥር ነበር።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ብሮንኮስ የክለቦች ፍጻሜ ደረሰ፤ ከሜልበርን ስቶርም ጋር። ጥቂት ደቂቃ ቀርቶ ብሮንኮስ 14 ለ8 ይመራል። ልዩነቱ 6 ነው። አሁን ያቺን ያስያዝኳችሁን 1 ነጥብ አምጡልኝ። 6 ነጥብ ማለት አንድ ትራይና አንድ ምት ነው፤ ሜልበርን አንዴ ቢሳካለት አቻ ነው። አምበሉ ሎክየር ኳሷን ተቀበለ፣ አንጥሮ መታ፣ ገባች። 15 ለ8። ልዩነቱ 7 ሆነ። ሜልበርን ከዚያ በኋላ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ ማስቆጠር ነበረበት፤ ጊዜው ግን አልነበረም። ይቺ 1 ነጥብ ለማያውቅ ሰው ትርፍ ትመስላለች። በሩን የዘጋችው ግን እሷ ናት።

ኖቬምበር ላይ ደግሞ የሦስቱ አገሮች ፍጻሜ፣ አውስትራሊያ ከኒውዚላንድ፣ ሲድኒ። በመደበኛው 80 ደቂቃ 12 ለ12 አለቀ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ያስቆጠረ ያሸንፋል። የአውስትራሊያው ጆናታን ተርስተን ከሩቅ መስመሩን ሰብሮ ወጣ። ሲዞር ከጎኑ ማን አለ? ሎክየር። ተቀብሎ አስቆጠረ፤ 16 ለ12። ተሸክሞ የሚሮጠውን ሰው እንደ ጥላ መከተል፣ ይህም የፉልባክ ልማድ ነው። የዓመቱን ወርቃማ ጫማ ሁለተኛ ጊዜ ወሰደ፤ የመጀመሪያውን በ1 ቁጥር፣ ይሄኛውን በ6 ቁጥር።

ሁሉም ግን ወደ ላይ መውጣት ብቻ አልነበረም። በ2007 ጉልበቱ ጅማቱ ተበጠሰ። በ2008 በገዛ ከተማው ብሪስቤን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜን በኒውዚላንድ 34 ለ20 ተሸነፈ። ፍጥነቱም ቀነሰ። እዚህ ላይ ቦታ መቀየሩ ሌላ ጥቅም እንደነበረው ይታያል። ፉልባክ እግሩ ሲደክም ያበቃለታል። አደራጅ እግሩ ቢደክምም ጭንቅላቱ ያበላዋል። 1 ቁጥርን እንደለበሰ ቢቀር ኖሮ እስከ 34 ዓመቱ አናየውም ነበር ብዬ እገምታለሁ።

2011 የመጨረሻው ዓመት እንደሚሆን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ሴፕቴምበር 17፣ ብሪስቤን፣ ከሴንት ጆርጅ ኢላዋራ ጋር ተሸናፊው የሚሰናበትበት ጨዋታ። የባላጋራው አሰልጣኝ ማን ናቸው? ዌይን ቤኔት። በ18 ዓመቱ ተቀብለው ያሳደጉት ሰው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሎክየር ከራሱ የቡድን ጓደኛ ጉልበት ጋር ፊቱ ተጋጨ። ጉንጩ ላይ ያለው አጥንት ተሰበረ። አልወጣም። 80 ደቂቃው 12 ለ12 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ኳሷ ወደ ኋላ ተላከችለት፣ አንጥሮ መታ፤ 13 ለ12። አሁንም ያቺው 1 ነጥብ። ፊቱ አብጦ፣ አንድ ዓይኑ ሊከደን ደርሶ ነው ጓደኞቹ የዘለሉበት። የቤኔትን ዓመት በዚያች ምት ዘጋው። በሳምንቱ ግን መጫወት አልቻለም፤ ብሮንኮስ ያለ እሱ በማንሊ ተሸንፎ ወጣ። ለክለቡ 355 ጨዋታ አድርጎ ነበር፤ በወቅቱ በሊጉ ታሪክ ማንም ያልደረሰበት።

አጥንቱ ጠግኖለት ለብሔራዊ ቡድኑ ተመለሰ። 59ኛውና የመጨረሻው ጨዋታው ኖቬምበር 19 ቀን 2011 ነበር፤ ሊድስ፣ ኤላንድ ሮድ። ከ7 ዓመት በፊት በ6 ቁጥር ወሬውን ሁሉ ዝም ያሰኘበት ያው ሜዳ። አውስትራሊያ እንግሊዝን እየመራች ነው። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ኳስ ወደ ፊት ተመታች፣ ሎክየር ተከትሏት ሮጠና ከመስመሩ ጀርባ ወደቀባት። የመጨረሻ ትራይ። ውጤቱ 30 ለ8 ሆነ።

ከትራይ በኋላ ያለችውን ምት የሚመታው ሌላ ሰው ነበር። ጓደኞቹ ግን "አንተ ምታ" አሉት። ቦታው ቋሚዎቹ ፊት ለፊት ነው፤ ልጅም ያስገባዋል የሚባል። ሎክየር ኳሷን አስቀመጠ፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ሮጦ መታት።

ሳተ። ፈገግ ብሎ ወጣ።